የተለያየ እጅ የጻፈውን ፕሮግራም በአንድነት ስለ ማያያዝ

(በሐረር ከተማ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ስለ አሴምብለሮችና አሴምብለሮች ስለሚያወጡት ኦብጀክት ፋይል፥ ይልቁንም የአንዱ ፋይል ከሌላው ጋራ ስለ መስማማቱና ስላለመስማማቱ ነው። ሕግና እርሻ የምትማሩ ጓደኞቻችን «ይህ እኛን ምን አገባን?» ሳትሉን አትቀሩም። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡን፥ ነገሩ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን፥ ከሌላው ጋራ ሠርቶ ሥራውን ለሚቀጥለው ሰው ለማስረከብ የሚፈልግ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን እናስረዳችኋለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ጉዳዩን ያነሣንበት ምክንያት ይህ ነው። የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች በየዓመቱ በትንንሽ ኮምፒዩተሮች፥ ማለት በማይክሮኮንትሮለሮች፥ ልዩ ልዩ መሣሪያ ይሠራሉ። አንዱ የውኃ ልክ የሚለካ፥ ሁለተኛው ፓምፕ የሚያስነሣና የሚያቆም፥ ሦስተኛው በስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሠራል። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ ደኅና ነው፤ ይጨበጨብለታል፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመት የመጣ ተማሪ ሦስቱን አገናኝቼ አንድ የተሟላ መሣሪያ ላድርግ ቢል ግን አይገናኙለትም፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር እንደ ገና ከ«ሀ» ይጀምራል። ይህን ስንል የማንንም ትጋት ለመንቀፍ አይደለም። ትጋት አለ፤ የጐደለው መያያዣው ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለው መሣሪያ ቢሠራላት የምትጠቀም ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን ውኃ ይሰጣት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ ነበር። ምንም እንኳ ሐይቁ በኋላ ውኃ መልሶ መያዝ ቢጀምር፥ በዚያ ዘመን ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ የዋለ ሰው፥ የሮቶውን ውኃ በትክክል የሚለካና ፓምፑን በጊዜው የሚያቆም መሣሪያ ቅንጦት ነው አይልም። (በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃላቱን እናብራራ። ማይክሮኮንትሮለር የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው። በብዙዎቻችን እጅ ያለው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ሰሌዳ በላዩ ኤ.ቲ.ሜጋ 328ፒ የሚባል ቺፕ አለበት፤ ይህም ለፕሮግራሙ ማኖሪያ 32 ኪሎባይት፥ ለሥራ ማስታወሻው 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። ቦታው ጠባብ፥ ጊዜውም የተቈጠረ ስለ ሆነ፥ አንዳንዱን ክፍል ሰው ራሱ ትእዛዝ በትእዛዝ በአሴምብሊ ቋንቋ ይጽፈዋል። ይህን ጽሑፍ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ፕሮግራም አሴምብለር ይባላል፤ በሲ ቋንቋ የተጻፈውን የሚለውጠው ደግሞ ኮምፓይለር ነው። ከሁለቱም የሚወጣው ገና ያልተያያዘ ቁራጭ ኦብጀክት ፋይል ይባላል። ቁራጮቹን ሰብስቦ አንድ ሙሉ ፕሮግራም የሚያደርጋቸው ሦስተኛው ፕሮግራም ሊንከር ነው።

ኦብጀክት ፋይል በውስጡ ምን ይዟል? ጀጎልን አስቡ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ከተማውን ከቦ ይዞታል። በውስጡ ያለው ጠባብ መንገድ ሁሉ የነዋሪው ጉዳይ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት በሮቹን ነው። ኦብጀክት ፋይልም እንዲሁ ነው። የውስጥ መንገዱ ትእዛዙና መረጃው ነው፤ በሮቹ ደግሞ ለሌላው ፋይል ክፍት የተደረጉ ስሞች ናቸው። ከዚህ ሌላ ሁለት ዝርዝሮች አሉት። አንደኛው ፋይሉ ራሱ ከሌላ ፋይል የሚፈልጋቸው ስሞች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው አድራሻቸው ገና ስላልታወቀ ባዶ የተተዉ ቦታዎች ዝርዝር ነው። ሊንከሩ ፋይሎቹን በየቦታቸው ከደለደለ በኋላ ስምን ከስም ያገናኛል፤ ባዶውንም ቦታ በትክክለኛው አድራሻ ይሞላል። ዋና ሥራው ይኸው ነው።

እንግዲህ የሁለት ሰዎች ሥራ እንዲያያዝ በስንት ነገር መስማማት ያስፈልጋል? እኛ እንደ ተረዳነው በአራት ነገር ነው። አንደኛው የጽሑፉ አጻጻፍ፥ ሁለተኛው የፋይሉ ቅርጽ፥ ሦስተኛው የበሮቹ ስም፥ አራተኛው በበሩ ሲያልፉ የሚፈጸመው ሥርዐት ነው። ብዙ ሰው የፋይሉ ቅርጽ አንድ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የዛሬው ንግግራችን ዋና ዐሳብ ግን ይህ አይበቃም የሚል ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከአራተኛው ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም።

ከአንደኛው እንጀምር። አርም የሚባለው ኩባንያ ለራሱ ቺፖች የሠራው አሴምብለር የአንዱን ክፍል መጀመሪያ «ኤሪያ» በሚል ቃል ያስታውቃል፤ ግኑ የሚባለው ነጻ አሴምብለር ደግሞ «ሴክሽን» ይላል። ስምን ለውጭ ለመክፈት አንደኛው «ኤክስፖርት»፥ ሁለተኛው «ግሎባል» ይላል። ሴሚኮሎን የሚባለውን ምልክት ሲያይ አንደኛው ከዚያ በኋላ ያለው የጸሓፊው ማስታወሻ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለተኛው በአርም ላይ አዲስ ትእዛዝ ጀመረ ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ የአንዱን ጽሑፍ ለሌላው ብትሰጡት ገና ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ አልገባኝም ይላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱ የሚወጣው ኦብጀክት ፋይል ቅርጹም ደንቡም አንድ ስለ ሆነ በአንድ ሊንከር ሊያያዝ ይችላል። በጽሑፍ የማይግባቡ ሁለት ሰዎች በሥራቸው ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አትሜል የሚባለው ኩባንያ፥ በ2016 ማይክሮቺፕ የገዛው፥ ለኤ.ቪ.አር ቺፖቹ የሠራው አሴምብለር የሚያወጣው በሊንከር የሚያያዝ ቁራጭ ሳይሆን በቀጥታ በቺፑ ላይ የሚጫን ያለቀ ፋይል ነው። በእርሱ የተጻፈውን ሥራ በግኑ ከተጻፈው ጋራ ለማያያዝ ጽሑፉን ራሱን ማስተካከል ያስፈልጋል። በዚህም ጊዜ ቃሉን ብቻ መለወጥ አይበቃም። በኩባንያው አሴምብለር የፕሮግራሙ ማኖሪያ አድራሻ የሚቈጠረው ሁለት ሁለት ባይት እየተደረገ ነው፤ በግኑ ግን አንድ አንድ ባይት ነው። በመጀመሪያው ውስጥ በማኖሪያው ያለ ሠንጠረዥን ለማንበብ አድራሻውን በሁለት ማባዛት ግድ ይሆናል። ያንኑ ማባዛት ሳያስወግድ ጽሑፉን ወደ ሁለተኛው የገለበጠ ሰው፥ አሴምብለሩ ምንም ሳይለው፥ ከሠንጠረዡ ዐልፎ ሌላ ቦታ ያነባል።

ሁለተኛው የፋይሉ ቅርጽ ነው። የፋይል ቅርጽ ማለት እንደ ሐዲድ ስፋት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው የባቡር መንገድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስላስቸገረ ግን በ1902 ድሬዳዋ ላይ ቆመ፥ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊሜትር ሲሆን በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም አዲስ አበባን ከጅቡቲ ጋራ ለማገናኘት ተሠርተው ሳለ፥ የአሮጌው ባቡር ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንዲት ርምጃ መሄድ አይችልም፤ የለያያቸው 435 ሚሊሜትር ነው። ይህ ማንም የማይክደው፥ በዓይን የሚታይ ልዩነት ነው። ነገር ግን የሐዲዱ ስፋት አንድ ቢሆን እንኳ የፉርጎው መቈላለፊያ፥ ፍሬኑና የምልክቱ ደንብ ካልተስማማ ባቡሩ በሰላም አይደርስም። ይህን ልብ በሉልን።

በኮምፒዩተርም ዓለም ቀድሞ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ሐዲድ ይዘረጋ ነበር። ኢንቴል ኦ.ኤም.ኤፍ የሚባለውን ቅርጽ ለራሱ ቺፖች አወጣ። በ1980ዎቹ ውስጥ ኮፍ የሚባለው ከዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ ጋራ መጣ፤ የዚሁ ሥርዐት አራተኛ እትም ደግሞ ኢ.ኤል.ኤፍ የሚባለውን አመጣ። የዚህ ቅርጽ ዝርዝር በ1995 በአንድ የኩባንያዎች ኮሚቴ ታትሞ ወጣ። ማንም አንብቦ ሊሠራበት ስለሚችል፥ ዛሬ ለአርም፥ ለኤ.ቪ.አርና ለሪስክ-ፋይቭ ቺፖች የሚሠሩ ነጻ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ቅርጹ ምሥጢር አይደለም፤ ከፍቶ ማየት ይቻላል። የፋይሉ የመጀመሪያ ባይት ቁጥሩ 127 ነው፤ የሚከተሉት ሦስቱ የቅርጹ ስም ሦስት ፊደላት ናቸው። ቀጥሎ የ32 ወይም የ64 ቢት መሆኑ፥ ከዚያም ቁጥር የሚጻፈው ከትንሹ ጫፍ ወይስ ከትልቁ ጫፍ መሆኑ ተመልክቷል። ዝቅ ብሎ የቺፑ ዓይነት በቁጥር ተጽፏል፤ 40 ከሆነ አርም፥ 83 ከሆነ ኤ.ቪ.አር፥ 243 ከሆነ ሪስክ-ፋይቭ ነው። ሊንከር ባዕድ ፋይል ሲሰጠው ወዲያው የሚያውቀው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ነገር ማንሣት አለብን። ብዙ ጊዜ ሥራውን የጨረሰ ተማሪ የሚያስረክበው የሄክስ ፋይል ብቻ ነው። ኢንቴል ሄክስ የሚባለው እያንዳንዱ መስመር የእኛን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ በሚመስል ምልክት ይጀምራል፤ ከዚያ የባይቱ ብዛት፥ አድራሻው፥ የመስመሩ ዓይነት፥ መረጃው፥ በመጨረሻም ስሕተት መፈተሻ ቁጥሩ ይከተላል። በውስጡ የበር ስም የለም፤ የሚሞላ ባዶ ቦታም የለም። ሁሉም ተደልድሎ፥ ተሞልቶ፥ አልቋል። ቺፕ ላይ ለመጫን የተዘጋጀ ነው እንጂ ከሌላ ሥራ ጋራ ለመያያዝ አይደለም። የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ለሚቀጥለው ተማሪ ሄክስ ብቻ ማስረከብ፥ ለልጅ የታሸገ ደብዳቤ ሰጥቶ «አንብበህ ቀጥልበት» እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው። የጀጎልን በሮች ስም ብትጠይቁ መልሱ እንደ መላሹ ነው። በአማርኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎች አስማዲን ባሪ ይሉታል፤ ኤረር በር የምንለው አርጎብ ባሪ ነው፤ ሰንጋ በር የምንለው ሱቁጣጥ ባሪ ነው። ለሰው ይህ ችግር አይደለም፤ መንገድ ቢጠፋው ይጠይቃል። ሊንከር ግን አይጠይቅም። ፊደል በፊደል ካልተካከለ «እንዲህ የሚባል ስም አላገኘሁም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። የከተማችንን ስም እንኳ አንዱ ሐረር፥ ሌላው ሀረር፥ ሌላው ሃረር ብሎ ይጽፈዋል። ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

በኦብጀክት ፋይልም እንዲሁ ይሆናል። አንዳንዱ ኮምፓይለር በእያንዳንዱ ስም ፊት የታች ሰረዝ ይጨምራል፥ ሌላው አይጨምርም። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ደግሞ የሚቀበለውን የመረጃ ዓይነት ሁሉ ከስሙ ጋራ አጣብቆ ስለሚጽፈው፥ በአሴምብሊ የጻፈው ሰው የሰጠው ስምና እርሱ የሚፈልገው ስም አይገናኙም። ይህ ግን ሐቀኛ ጉዳት ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ገና በማያያዙ ሰዓት ጮኾ ይናገራል። የሚያስፈራው የማይናገረው ነው።

ይኸውም አራተኛው፥ በበሩ ሲያልፉ የሚፈጸመው ሥርዐት ነው። አንዱ ክፍል ሌላውን ሲጠራ ቁጥሩን የት አስቀምጦ ይሰጠዋል? መልሱን ከየት ይወስዳል? የተጠራው ክፍል የትኞቹን ሬጅስተሮች እንዳገኛቸው መመለስ አለበት? ይህን የሚወስነው ቺፑ ሳይሆን የሰዎች ስምምነት ነው። ኢንቴል በ1980 ያወጣውን 8051 የሚባለውን ቺፕ እንውሰድ። ካይል የሚባለው ኮምፓይለር አንድ ባይት የሆነውን የመጀመሪያ ቁጥር በሬጅስተር 7 አድርጎ ያሳልፋል፤ ኤስ.ዲ.ሲ.ሲ የሚባለው ነጻ ኮምፓይለር ግን ዲ.ፒ.ኤል በሚባለው ሬጅስተር ያሳልፋል። የሁለቱ የፋይል ቅርጽ የተለያየ ስለ ሆነ በስሕተት አይያያዙም። ነገር ግን የአሴምብሊውን ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው አጻጻፉን ብቻ አስተካክሎ ያሻገረ ሰው፥ አንዱ በፊት በር ያስቀመጠውን ሌላው በጓሮ በር ሲፈልገው ይኖራል።

ይህን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናምጣ። አንድ ወንድማችን የሮቶውን ውኃ ልክ የሚያሰላውን ክፍል በአሴምብሊ ጻፈ እንበል። አንዲት እኅታችን ደግሞ ፓምፑን የሚያዝዘውን ክፍል በሲ ጻፈች። ሁለቱም የሠሩት በግኑ ነው፤ ቅርጹ ኢ.ኤል.ኤፍ ነው፤ ስሙም ፊደል በፊደል ተስማምቷል። ሊንከሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አያያዘላቸው። ነገር ግን የግኑ ሲ ኮምፓይለር በኤ.ቪ.አር ላይ አንድ ደንብ አለው፤ ሬጅስተር 1 ዜሮ ሆኖ መገኘት አለበት የሚል ነው። የቺፑ የማባዣ ትእዛዝ ደግሞ ውጤቱን የሚያስቀምጠው በሬጅስተር 0 እና በሬጅስተር 1 ላይ ነው። የውኃውን ልክ ለማስላት ያባዛው ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ሬጅስተር 1ን ወደ ዜሮ ካልመለሰው፥ የሲው ክፍል ዜሮ ነው ብሎ የታመነበት ቦታ ዜሮ አይደለም። ትልልቅ ቁጥሮችን ሲያወዳድር በዚያው ዜሮ ስለሚጠቀም ውሳኔው ይዛባል። ሮቶው ሞልቶ ሊፈስስ፥ ወይም ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ፓምፑ በደረቁ ሲዞር ሊቃጠል ይችላል።

ይባስ ብሎ፥ የማባዣው ውጤት ከ256 ያነሰ በሆነ ጊዜ ሬጅስተር 1 በራሱ ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ መሣሪያው በትንሽ ባልዲ ሲፈተን በትክክል ይሠራል፤ በመምህራን ፊትም ይሠራል፤ የሚሳሳተው ሰው ቤት ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ወንድማችን ክፍሌ ትክክል ነው ይላል፥ እኅታችንም ክፍሌ ትክክል ነው ትላለች። ለየብቻው ሲታይ የሁለቱም እውነት ነው። የተበላሸው በመካከላቸው ያለው ሥርዐት ነው፤ እርሱን ግን ማንም አልጻፈውም።

ይህን አደጋ ለመቀነስ የሚቻል መሆኑን የአርም ደንብ ያሳያል። በ32 ቢቱ አርም የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች ከሬጅስተር 0 እስከ 3 ይተላለፋሉ፤ ከ4 እስከ 8 ያሉትን የተጠራው ክፍል እንዳገኛቸው አድርጎ ያስረክባል፤ ስታክ የሚባለው ማስታወሻም በበሩ ላይ በ8 ባይት የተደለደለ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ታትሞ ለሕዝብ የወጣ ነው። ከዚህም በላይ ኦብጀክት ፋይሉ ራሱ በየትኛው ልማድ እንደ ተሠራ የሚናገር ማስታወሻ ይዞ ይሄዳል። አንዱ ፋይል ክፍልፋይ ቁጥሮችን በልዩ ሬጅስተር፥ ሌላው በተራው ሬጅስተር የሚያሳልፍ ከሆነ የግኑ ሊንከር አላያይዝም ይላል። አንዱ ሰፊውን ፊደል በ2 ባይት፥ ሌላው በ4 ባይት የሚጽፍ ከሆነ ያስጠነቅቃል። ከፍ ብለን የፉርጎ መቈላለፊያ ያልነው ይህን ነው።

ልማዱ በአንድ መሣሪያ ውስጥ እንኳ ሊለወጥ ይችላል። ኤስ.ዲ.ሲ.ሲ በ2022 በወጣው 4.2 እትሙ፥ ዜድ80 በሚባለው ቺፕ ላይ ሳይጠየቅ የሚከተለውን የአጠራር ልማድ ለውጧል። በቀድሞው ልማድ የተጻፈ አሴምብሊ በአሮጌው ልማድ እንዲጠራ ካልተነገረለት በስተቀር ከአዲሱ ጋራ አይሄድም። ስለዚህ «በዚህ መሣሪያ ሠራሁ» ማለት አይበቃም፤ «በዚህ እትም» ማለትም ያስፈልጋል።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎችን እንስማ። የመጀመሪያው «ሁላችንም አንድ ኩባንያ የሠራውን መሣሪያ ብንጠቀም ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር» የሚል ነው። ለጥቂት ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ማይክሮቺፕ ለፒክ ቺፖቹ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው ኤም.ፒ.አዝም የሚባለው አሴምብለር፥ በ2020 ከወጣው የኤም.ፒ.ላብ ኤክስ 5.40 እትም ጀምሮ ተወግዶ በሌላ አሴምብለር ተተክቷል። የአዲሱ አጻጻፍ የተለየ ስለ ሆነ ኩባንያው ራሱ የመሸጋገሪያ መመሪያ ጽፎ አውጥቷል። ኩባንያው በራሱ ንብረት እንዳሻው ቢያደርግ መብቱ ነው፤ እኛ ግን ሥራችንን ሁሉ በአንድ ሰው ቤት ብናስቀምጥ ቤቱ በተዘጋ ቀን ደጅ እንቆማለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ምንጩን ጽሑፍ ካስቀመጥን ኦብጀክት ፋይሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ምንጩን ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ነገር ግን ሁልጊዜ ምንጭ አይገኝም። ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት ኢ.ኤስ.ፒ.32 የሚባለው ቺፕ የዋይ ፋይ ክፍሉ ከሠሪው ከኤስፕሬሲፍ የሚመጣው ምንጩ ሳይሰጥ በተዘጋጀ የኦብጀክት ፋይል ጥራዝ ነው። እንዲህ ላለው ነገር ቅርጹንና ሥርዐቱን ከማክበር ሌላ መንገድ የለም። ምንጩ ቢገኝም አሴምብሊ ከሆነ ከፍ ብለን እንዳየነው በሌላ አሴምብለር አይነበብም፤ ሥርዐቱም በጽሑፉ ላይ አይታይም።

እንግዲህ ስምምነት ከየት ይመጣል? የራሳችን ፊደል ጥሩ ምሳሌ ነው። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ ሁለቱም ግን አማርኛ ነበሩ። ይህ ችግር መልስ ያገኘው አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ስላሸነፈ አይደለም። የፊደላችን ቁጥር ለሁሉም እኩል ሆኖ በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ስለ ተጻፈ ነው። በ2005 ደግሞ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡበት። ዛሬ ከሐረር የተላከ መልእክት በየትኛውም አገር ቢነበብ፥ አንድ ጊዜ ሰዎች ተቀምጠው፥ ቈጥረው፥ ጽፈው ስላስቀመጡት ነው። ይሁን እንጂ የፊደሉ ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ሐረርና ሀረር ዛሬም አልተገናኙም። ቅርጽ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን የሚከተለውን ዐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ማንኛውም የመመረቂያ ሥራ ሲረከብ ከሄክሱ ጋራ ምንጩ ጽሑፍና ኦብጀክት ፋይሉ አብሮ ይረከብ።

ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ክፍል ጋራ አንድ ገጽ ወረቀት ይቀመጥ። በእርሱም ላይ የአሴምብለሩ ስምና እትም፥ የፋይሉ ቅርጽ፥ ለውጭ የተከፈቱት ስሞች ልክ እንደ ተጻፉ፥ ቁጥር የሚገባበትና መልስ የሚወጣበት ሬጅስተር፥ ክፍሉ የሚያበላሻቸውና መልሶ የሚያስተካክላቸው ሬጅስተሮች ይጻፉ። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ አለመጻፉ ግን አንድ ዓመት ይፈጃል።

ሦስተኛ፥ አዲስ ሥራ ሲጀመር፥ ሌላ የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለ በቀር፥ ኢ.ኤል.ኤፍ የሚያወጣና ገንዘብ የማይጠይቅ መሣሪያ ይመረጥ።

አራተኛ፥ የሌላ ሰው ኦብጀክት ፋይል ሲደርሰን ወደ ሊንከሩ ከመወርወራችን በፊት ከፍተን እንየው። ኤን.ኤም የሚባለው ፕሮግራም የበሮቹን ስም ይዘረዝራል፤ ሪድኤልፍ የሚባለው የቺፑን ዓይነትና የተሠራበትን ልማድ ይናገራል። ሁለቱም ከግኑ ጋራ በነጻ ይገኛሉ።

አምስተኛ፥ ሁለት ሰዎች የጻፉት ሥራ ተያይዞ ሲያበቃ፥ ተያያዘ ተብሎ ብቻ አይታመን። በትንሽም በትልቅም ቁጥር፥ በባልዲም በሮቶም፥ ይፈተን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ሕንጻም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥራችንን ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ከእኛ በኋላ ለሚመጣውና ስማችንን ለማያውቀው ተማሪ ጭምር እንድንጽፍ ነው። በየዓመቱ ከ«ሀ» የምንጀምር ከሆነ ምን ጊዜም ከ«ሀ» አናልፍም። አንዱ ካቆመበት ሌላው የሚቀጥል ከሆነ ግን፥ የውኃውን ልክ የለካው፥ ፓምፑን ያዘዘውና መልእክቱን የላከው ሦስት ዓመት ተለያይተው ተምረው እንኳ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ።

በዐሳባችን የማይስማማ ወይም የተሻለ መንገድ የሚያውቅ ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን ጽፎ እንዲያወጣ እንጋብዛለን። ይልቁንም መምህሮቻችን ያ አንድ ገጽ ወረቀት ምን ምን መያዝ እንዳለበት ቢያርሙልን ደስ ይለናል።